ወንበሩ ሞልቷል፣ መደርደሪያው ግን አልተነካም

(አራት ኪሎ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ፣ ሥራችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ወላጆች፣ መምህራን፣ የላይብረሪ ሠራተኞች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ተማሪዎችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን ታገኛላችሁ። የተከፈተው በ2014 ዓ.ም. ነው። በፈተና ሰሞን ብቅ ብላችሁ እዩት፤ ባዶ ወንበር ማግኘት ይቸግራል። ይህን ሳይ ደስ ይለኛል። ማንበብ የሚፈልግ ልጅ አጥተናል የሚል ሰው ካለ መጥቶ ይመልከት።

ግን በየትኛውም ላይብረሪ ስትገቡ አንድ ነገር አስተውሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ምንድን ነው? የተማሪው የራሱ ደብተር ነው። ከትምህርት ቤት የተሰጠው ሃንድአውት ነው። ስልኩ ላይ ያለ ፒዲኤፍ ነው። ከመደርደሪያ የወረደ መጽሐፍ ዘርግቶ የሚያነብ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለማግኘት ግን ዞር ዞር ማለት ያስፈልጋል። በትምህርት ቤት ላይብረሪ ያው ነው። በወጣት ማዕከልም ያው ነው። ልጆቻችን ከቤተ መጻሕፍት የሚወስዱት ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ነው። እነዚህ ትልቅ ነገር ናቸው፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ከታናናሾቹና ከቴሌቪዥን ጋር የሚያድር ልጅ ዋጋቸውን ያውቃል። የሚያሳዝነኝ ከጀርባው ያለው መጽሐፍ ሳይነካ መዋሉ ነው።

ልጁ ሰንፎ አይደለም። እስከ ማታ ሲቸክል የሚውል ልጅ ሰነፍ አይባልም። መደርደሪያው ላይ ካለው ውስጥ ለእሱ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ኬሚስትሪ ምዕራፍ አምስት ላይ ተቸግሮ ይመጣል። ከፊቱ አርባ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አለ። ገሚሱ ለዩኒቨርሲቲ ነው፣ ገሚሱ በሌላ አገር ሥርዓተ ትምህርት የተጻፈ ነው፣ ገሚሱ የድሮው ካሪኩለም ነው። አንዱን ይስባል፣ ይገልጣል፣ ግራ ይገባዋል፣ ይመልሳል። ወደ ደብተሩ ይመለሳል። አንድ ሁለቴ እንዲህ ከሆነበት በኋላ መደርደሪያውን ለግድግዳ ይቆጥረዋል።

ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። መጽሐፉ ሲኖር እንኳ በመጽሐፉና በተማሪው ምዕራፍ መካከል መንገድ የለም። መንገዱን የሚያበጅ ሰው ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። እንዴት እንደሚሠራ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። በመጀመሪያ ለምን እንደሚያስፈልግ ላሳያችሁ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሁላችንም እናውቃለን። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ከፍ እያለ መምጣቱ መልካም ነው። ሆኖም ከመቶ ልጅ ዘጠና ሁለት ያህሉ አሁንም ግማሹን አላገኘም። ላይብረሪ ብቻውን ይህን ይለውጣል አልልም። መምህር አለ፣ የታች ክፍል መሠረት አለ፣ የሆድ ነገር አለ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ እስኪስተካከሉ ድረስ በእጃችን ያለውን መደርደሪያ ሥራ ፈት አድርገን መቀመጥ የለብንም።

ረጅም ዓመት ኬሚስትሪ ስላስተማርኩ በዚያው ልጀምር። 11ኛ ክፍል ላይ ኬሚካል ኢኩሊብሪየም የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ የኬሚካል ለውጥ ስለሚደርስበት ሚዛን የሚያስተምር። እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ የሚመጣ ምሳሌ አለ፤ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ መሥራት። ሞል የኬሚስትሪ የብዛት መለኪያ ነው፤ አንድ ሞል ናይትሮጅን ከሦስት ሞል ሃይድሮጅን ጋር ተዋህዶ ሁለት ሞል አሞኒያ ይሰጣል። በግራ አራት ሞል ጋዝ፣ በቀኝ ሁለት ሞል ጋዝ ማለት ነው። ግፊት ሲጨመር ሥርዓቱ የጋዝ ሞል ወደሚያንስበት ወገን፣ ማለትም ወደ ቀኝ ያደላል። መማሪያ መጽሐፉ ይህን በጥቂት መስመር ይነግረዋል። ልጁ ደብተሩ ላይ ምን ይጽፋል? «ግፊት ሲጨምር ወደ ቀኝ»። ይሸመድዳል። ለፈተና ይቀርባል።

ፈተናው ላይ ግን የሚመጣው ሃይድሮጅንና አዮዲን ነው። አንድ ሞል ከአንድ ሞል ጋር፣ ውጤቱ ሁለት ሞል ሃይድሮጅን አዮዳይድ። ሁሉም በጋዝ መልክ። በግራ ሁለት፣ በቀኝም ሁለት። ግፊት ቢጨመር የትም አያደላም። ልጁ «ወደ ቀኝ» የሚለውን ያጠቁራል። ይህን ስህተት በእርማት ወረቀት ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ የሚሳሳቱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎበዝ የሚባሉት፣ ደብተራቸው ንጹሕ የሆነ ልጆች ናቸው።

እንዲህ ያለው ልጅ የሚፈልገው ሁለተኛ ማብራሪያ ነው። ያንኑ ነገር በሌላ አፍ የሚናገር ሁለተኛ መጽሐፍ። አንዱ መጽሐፍ በቀመር የነገረውን ሌላው በሥዕል ይነግረዋል። ፒስተን ያለው ዕቃ ይሥልለታል፤ ሞለኪውሎቹ ሲጨናነቁ ያሳየዋል፤ ቁጥራቸው ሲቀንስ መጨናነቁ እንዴት እንደሚላላ ያሳየዋል። ያን ሥዕል ያየ ልጅ ሃይድሮጅንና አዮዲን ሲመጣበት ቆም ብሎ ሞሉን ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ሥዕል ያለበት አጋዥ መጽሐፍ ምናልባት እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሞኒያ ከኬሚስትሪ መደርደሪያ አልፎ ይሄዳልና። ናይትሮጅን ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ነው። ግን ተክል በቀጥታ ከአየር ሊወስደው አይችልም። ፍሪትዝ ሃበር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1909 እ.ኤ.አ. ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ካርል ቦሽ ደግሞ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አሳደገው፤ በ1913 እ.ኤ.አ. ኦፓው በሚባል ቦታ ማምረት ተጀመረ። ዛሬ ገበሬያችን ማሳ ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። አገራችን ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጅቡቲ ወደብ ታስገባለች። እንግዲህ አንዱ ምሳሌ የት የት እንደደረሰ እዩ። የጂኦግራፊ ተማሪ የአፈር ለምነት ብሎ ይማረዋል። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ገቢ ንግድና የምንዛሪ እጥረት ብሎ ይማረዋል። የባዮሎጂ ተማሪ የናይትሮጅን ዑደት ብሎ ይማረዋል። ሶሻሉም ናቹራሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ ነገር እያጠኑ ነው፣ ግን አያውቁትም። የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይህን ሊያሳያቸው አይችልም፤ ደወል ይደወላል፣ መምህር ይቀየራል። ላይብረሪ ግን ደወል የለውም።

ይህን ለማድረግ ልጁ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ አለበት። ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚጠቀሙበት፣ መጻሕፍትን በርዕሳቸው ቁጥር የሚሰጠው የዱዊ አመዳደብ አስማት አይደለም፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለመዳል። ሒሳብ 510 ነው፣ ፊዚክስ 530፣ ኬሚስትሪ 540፣ ባዮሎጂ 570። ኢኮኖሚክስ 330፣ ጂኦግራፊ 910፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963። ማዳበሪያ 631.8 ላይ ነው ያለው፣ ከግብርና ጋር። ስምንት ቁጥር ማለት ነው። 9ኛ ክፍል ሲገቡ አንድ ሰዓት ወስደን ብናስተምራቸው እስከ ዩኒቨርሲቲ ይጠቅማቸዋል። የመማሪያ መጽሐፋቸውን ገጽ በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች ስምንት ቁጥር አይከብዳቸውም።

አሁን ሁሉም ትምህርት ላይ ጥላ ወደሚያጠላው ነገር ልምጣ፤ እንግሊዝኛ። በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም፣ ኢኮኖሚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። መምህራን እንደምትመሰክሩት ነገሩን በአማርኛ ስትነግሩት የሚገባው፣ ሰሌዳ ላይ ወጥቶም ማብራራት የሚችል ልጅ ጥያቄው በእንግሊዝኛ አራት መስመር ሆኖ ሲመጣበት ይጠፋል። እና ወላጅ ምን ያደርጋል? የሰዋስው መጽሐፍ ይገዛለታል። ሰዋስው መጥፎ አይደለም። ግን ልጁ የጎደለው ብዙ ገጽ ማንበብ ነው። በደረጃ የተዘጋጁ፣ ቃላቸው የተመጠነ፣ ቀጫጭን የታሪክ መጻሕፍት አሉ። ከአንደኛ ደረጃ ተነስተው እስከ ስድስተኛ ይወጣሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እነዚህ በልገሳ ገብተው ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል፣ «ለትንንሽ ልጆች ነው» ተብሎ። የ11ኛ ክፍል ልጅ ከሁለተኛው ደረጃ ቢጀምር ምንም ነውር የለበትም። በሳምንት አንድ ቀጭን መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ የባዮሎጂ ጥያቄውንም በሌላ ፍጥነት ያነባል።

ከዚሁ ጋር አንድ መጽሐፍ ልጥቀስ። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አለ። የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ ያመጣል፣ ያብራራልም። በአንዳንድ ላይብረሪ ውስጥ አለ፣ ግን «ማጣቀሻ» ተብሎ በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። እባካችሁ አውጡት። መሃል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ቢያረጅ ያርጅ።

ወደ ሶሻል ልሻገር። ብዙ ጊዜ ላይብረሪ ሲባል ሳይንስ ብቻ ይታሰበናል፤ ሶሻል «ማንበብ ብቻ ነው» ይባላል። እኔ ግን ላይብረሪ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለታሪክ ተማሪ ነው እላለሁ። ታሪክ የሚማር ልጅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ካነበበ ታሪክ አልተማረም፤ የአንድ ሰው ማጠቃለያ ነው የተማረው።

ደግሞ ይህ ሰፈር ለታሪክ ተማሪ የተመቸ ነው። እዚሁ አራት ኪሎ ላይ በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አለ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ከወረራው ነፃ በወጣን ማግስት። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ወመዘክር ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት። በአገራችን የሚታተም መጽሐፍና ጋዜጣ ቅጂ እዚያ እንዲገባ ሕግ ያዛል። የድሮ ጋዜጦችን እዚያ ማየት ይቻላል።

ይህ ለ12ኛ ክፍል ልጅ ምን ይሠራል? አንድ የክፍል ሥራ ልንገራችሁ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። መማሪያ መጽሐፉ ይህን በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል። መምህሩ ለአምስት ልጆች እንዲህ ይበላቸው፦ የዚያን ሳምንት ጋዜጣ ፈልጉ። የፊት ገጹ ላይ ምን አለ? ውስጡ ላይ ምን ማስታወቂያ አለ? ስለ ንጉሡ የሚጠቀሙበት አነጋገር ከወር በፊት ከነበረው እትም ጋር አንድ ነው ወይ? የጤፍ ዋጋ ተጽፏል ወይ? ልጁ የደበዘዘውን ወረቀት ገልጦ አንድ ጊዜ ካየ በኋላ ቀኑን አይረሳውም። ሽምደዳ አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ ጋዜጣ በማን እጅ እንደነበረ ሲጠይቅ፣ ምን እንደተጻፈና ምን እንዳልተጻፈ ሲያመዛዝን፣ ያኔ የታሪክ ተማሪ ሆነ። አምስቱም ልጆች ወመዘክር መሄድ ባይችሉ፣ መምህሩ ትብብር ጠይቆ የአንዱን ገጽ ፎቶ ወደ ክፍል ያምጣው።

ብሔራዊ ሙዚየምም ከዚህ ቅርብ ነው። ሉሲ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ በወረዱ በሁለት ወር ከግማሽ ውስጥ። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። የባዮሎጂ ተማሪ ስለ ዝግመተ ለውጥ ሲማር፣ የታሪክ ተማሪም ስለ ሰው ዘር መገኛ ሲማር ሁለቱም ወደዚያው ቤት ይሄዳሉ። ላይብረሪው ከጉብኝቱ በፊት አንድ መጽሐፍ፣ ከጉብኝቱ በኋላ አንድ መጽሐፍ ቢያዘጋጅላቸው ጉብኝቱ የፎቶ ቀን ሆኖ አይቀርም።

ጂኦግራፊ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ልጆቻችን የአገራችንን ሕዝብ ቁጥር ሲጠየቁ ከስልካቸው ያገኙትን ይጽፋሉ፤ አንዱ አንድ ቁጥር፣ ሌላው ሌላ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 73.9 ሚሊዮን ያህል ነበርን። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ሁሉ ግምት ነው። ግምት ደግሞ መነሻው ሲለያይ ይለያያል። የስታቲስቲክስ አገልግሎትን ሪፖርት አንድ ቅጂ ላይብረሪ ውስጥ ያገኘ ልጅ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ይማራል። የኢኮኖሚክስ ተማሪውም ያንኑ ሪፖርት ይፈልገዋል።

ሒሳብ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የቀድሞ ፈተናዎችን በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። ልጆቻችን የኢንትራንስ ጥያቄ ከየቦታው ሰብስበው መልሱን ይዘው ይዞራሉ። «ቢ ነው፣ ዲ ነው» ይባባላሉ። የቀድሞ ፈተና ጥሩ መሣሪያ ነው፣ አሠራሩ ከተጻፈበት። ላይብረሪው በየዓመቱ የተሰጡትን ጥያቄዎች በምዕራፍ ከፋፍሎ ቢያስቀምጥ፣ የሒሳብ ክፍሉ መምህራን ደግሞ እያንዳንዱን ጥያቄ ደረጃ በደረጃ ሠርተው አንድ ፎልደር ውስጥ ቢያስገቡ፣ ወጪው ወረቀትና ኮፒ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ከተሠራ ለዓመታት ያገለግላል።

ስለ ስልክና ኮምፒውተርም ማንሳት አለብኝ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ከታተመው መጽሐፍ ቀድሞ ለብዙ ልጅ የደረሰው ፒዲኤፉ ነው። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ስልክ ያለው አነበበ፣ የሌለው የጓደኛውን ትከሻ ተደግፎ አየ። እንግዲህ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ሥራ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሁሉንም ክፍል መማሪያ መጽሐፍ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀምጥ። ስልክ የሌለው ልጅ እዚያ ያንብብ፣ ስልክ ያለው በብሉቱዝ ወይም በፍላሽ ይውሰድ።

ኢንተርኔት የለንም የሚል ላይብረሪ ሲገጥመኝ ሁለት ነገር እነግራለሁ። አንደኛው ኪዊክስ ይባላል። ዊኪፔዲያን ሙሉውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። በነፃ ነው። አንድ ጊዜ ጥሩ ኔትወርክ ካለበት ቦታ ማውረድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ፌት ይባላል፤ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የሳይንስና የሒሳብ ማሳያ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ካርል ዊማን የተባለ የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚ ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ጋዝ ያለበት ዕቃ ውስጥ ሞለኪውል ይጨምራል፣ ግድግዳውን ይገፋል፣ የግፊቱ መለኪያ ሲወጣ ያያል። ሽቦና አምፖል ያገናኛል፣ ቢሳሳት የሚቃጠል ነገር የለም። ይህም ወርዶ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ይበቃዋል። እነዚህን የሚያዘጋጅ ሰው ለመፈለግ ሩቅ አትሂዱ፤ በየትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር የሚወዱ ልጆች አሉ። ሥራውን ስጧቸው፣ በደስታ ይሠሩታል።

የሰዓት ጉዳይ ደግሞ አለ። ተማሪ ከክፍል የሚወጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከዘጋ ለማን ነው የተከፈተው? በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ምሳ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል፤ ልጆቹ ነፃ የሚሆኑት ደግሞ ያኔ ነው። ተራ ተገብቶ በምሳ ሰዓት ክፍት ቢሆን ብዙ ይለወጣል።

ሴት ልጆችን በተለይ አስቡልኝ። ወንዱ እስከ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይብረሪ ቆይቶ በታክሲ ይሄዳል። እሷ ከመሸ መንገዱ ያሰጋታል፣ ቤትም ሥራ ይጠብቃታል። ወላጅ ቢቆጣ አልፈርድም። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአካባቢው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ቤተሰቦች ልጆችም አሉ፤ አንዳንዶቹ አሁንም እዚሁ መሃል ከተማ ይማራሉ፣ መንገዱ ቀናቸውን ይበላዋል። ለእነዚህ ልጆች መፍትሔው መጽሐፉ ከእነሱ ጋር ቤት መሄዱ ነው። አብዛኛው ላይብረሪያችን ግን ውስጥ ብቻ ነው የሚያስነብበው።

ለምን? የላይብረሪ ሠራተኛ ክፉ ሆኖ አይደለም። መጽሐፉ በስሙ የተመዘገበ ንብረት ነው። ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ያለ ሰው መጽሐፉን ቢቆልፍ ማን ይፈርድበታል? ርዕሳነ መምህራን፣ እዚህ ላይ እናንተን ነው የምለምነው። በዓመት ጥቂት መጽሐፍ ቢጠፋ በአገልግሎት ላይ የጠፋ ተብሎ የሚወራረድበት አሠራር አብጁ፣ ለበላይ አካልም አቅርቡ። የወላጅ ኮሚቴም ይፈርምበት። ያን ቀን ቁልፉ ይከፈታል።

አሁን ቃል ወደገባሁት አንድ ገጽ ልመለስ። አሠራሩ ቀላል ነው። የአንድ ትምህርት መምህርና የላይብረሪው ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ አብረው ይቀመጣሉ። መምህሩ መማሪያ መጽሐፉን ይይዛል፣ ሠራተኛው ወደ መደርደሪያው ይሄዳል። ምዕራፍ አንድ። በዚህ ርዕስ ላይ ምን አለን? መጽሐፉ ይወርዳል፣ መምህሩ ያየዋል። ለ11ኛ ክፍል የሚከብድ ከሆነ ይመለሳል። የሚሆን ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፦ የመጽሐፉ ስም፣ የመደርደሪያው ቁጥር፣ ከገጽ እስከ ገጽ። ገጹ የግድ ነው። ስድስት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ለተማሪ ማሳየት ምንም አይጠቅመውም፤ ከገጽ 212 እስከ 219 ስትሉት ግን ተነስቶ ይሄዳል።

ሥዕሉ ጥሩ የሆነውን መጽሐፍ «ሥዕል» ብላችሁ ጻፉ። መልመጃው ጥሩ የሆነውን «መልመጃ» በሉ። እንግሊዝኛው የቀለለውን «ቀላል እንግሊዝኛ» ብላችሁ አስቀድሙት። ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚጠቅመውን ጨምሩ። ምንም ያልተገኘለት ምዕራፍ ላይ «የለንም» ብላችሁ ጻፉ። ይህ «የለንም» የሚለው ቃል ወርቅ ነው። በጀት ሲመጣ፣ ለጋሽ ሲጠይቅ፣ የቀድሞ ተማሪዎች «ምን እናምጣ?» ሲሉ ምን እንደሚገዛ ይታወቃል። ያኔ ለትምህርት ቤቱ የማይሆን መጽሐፍ በካርቶን መቀበል ይቀራል። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ እንኳ ዝርዝሩን ይዞ የሄደ ሰው በጥቂት ገንዘብ ብዙ ይገዛል።

ለማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የሚሆነውን በዚያው ገጽ ላይ ለይታችሁ ጻፉ፤ በብሬል ያለውን፣ በድምፅ የተቀዳውን። ከሌለ አንድ ምዕራፍ በስልክ ማንበብና መቅዳት የሚችሉ የክፍል ጓደኞች ሞልተዋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ተማሪ ብዙ ከሚወድቅባቸው ምዕራፎች ጀምሩ፤ መምህራን የትኞቹ እንደሆኑ በደንብ ታውቃላችሁ። ወረቀቱን ላይብረሪው በር ላይ ብቻ ሳይሆን ክፍል ውስጥ ለጥፉት። መምህሩ ምዕራፉን ሲጀምር «ይህን ወረቀት እዩ» ይበል። ልጅ የሚሄደው መምህሩ ወደላከው ነው።

መውጫው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የ11ኛ ክፍል ኬሚስትሪን የኢኩሊብሪየም ምዕራፍ ገጽ ለናሙና አስቀምጫለሁ። የተሠራው እኔ ባለሁበት ላይብረሪ መደርደሪያ ነው፤ ስለዚህ የመጽሐፎቹ ስም ለእናንተ ላይሠራ ይችላል። ቅጹን ግን ውሰዱት። ባዶ ቅጾችም አሉ። የፊዚክስና የኢኮኖሚክስ መምህራን ብትተባበሩኝ ከዛሬው ስብሰባ በኋላ ለእያንዳንዳችሁ አንዳንድ ምዕራፍ አብረን እንሞክራለን፤ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሚወስድ እዚሁ እናየዋለን።

አሁን ጥያቄ ልቀበል። ከኋላ ካሉት ተማሪዎች እንጀምር፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው መጽሐፍ ፈልጋችሁ ያጣችሁት?